ሳይቃጠል በቅጠል፤ የፎቅ ቤትና የመውጫው ታሪክ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ቤት ማለት መጠጊያ ማለት ነው። የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ ጎጆ መቀለስ የጀመረው ከብርድ፣ ከዝናብና ከአውሬ ለመሰወር ነውና፣ መጠጊያ የተባለው ነገር ራሱ ወጥመድ ሆኖ እንዳያጠፋው መጠንቀቅ ከጥንት ጀምሮ የቤት ሠሪና የባለቤት ግዴታ ሆኖ ኖሯል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌም ይህንኑ ጥንቃቄ የሚያስተምር ነው። እሳት ገና ሲጫር አንድ ጭብጥ እርጥብ ቅጠል ይበቃዋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን የቦርከና ውሃ ተጠልፎ ቢመጣለት እንኳ የበላውን አይመልስም።

በዛሬው ዘመን ደሴና ኮምቦልቻ ወደ ላይ ማደግ የጀመሩ ከተሞች ናቸው። ቀድሞ አንድ ቤተ ሰብ ከነጓሮው ይኖርበት በነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ምድሩ ሱቅ፣ መካከሉ ቢሮ፣ ላዩ መኖሪያ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሆነ ሕንፃ ቆሞ ይታያል። ይህ የሥልጣኔ ምልክት ስለ ሆነ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ቤት ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ሰው ከመሬት ይርቃል፤ ሰው ከመሬት በራቀ ቍጥር ደግሞ የመውጫው ነገር ከነዋሪው እጅ ወጥቶ በባለሕንፃው እጅ ይገባል። ይህ እንዴት እንደ ሆነና የሌሎች አገሮች ሕዝቦች በምን ያህል ዋጋ እንደ ተማሩት ማወቅ ለሹሙም፣ ለመምህሩም፣ ለተማሪውም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከመነሻው እንመልከት።

የጥንት ሕግ ስለ ቤት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን ነግሦ የነበረው ሐሙራቢ ካወጣቸው ሕጎች አንዱ ስለ ግንበኛ የሚናገር ነው። ግንበኛው ሥራውን ሳያጠነክር ቀርቶ ቤቱ ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድል፣ ግንበኛው በሞት ይቀጣ ነበር። ኦሪት ዘዳግምም በ22ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ከዚያ ላይ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። በዚህች አጭር ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ መከታው የሚሠራው ሰው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ቤቱ በሚሠራበት ጊዜ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዕዳው የወደቀው ሰው ሳይሆን የቤቱ ጌታ ዕዳ መሆኑ ነው። ዛሬ በየአገሩ የሚወጡት ወፋፍራም የሕንፃ ደንቦች ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች ትርጓሜ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በሮማ ከተማ ሕዝብ በበዛ ጊዜ ድኾች ተከራይተው የሚኖሩባቸው ባለብዙ ደርብ ቤቶች ተሠርተው ነበር። ቤቶቹ ይፈርሱና ይቃጠሉ ስለ ነበረ፣ አውግስጦስ ቄሣር ከፍታቸው ከ70 የሮማ ጫማ እንዳይበልጥ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ64 ከተማይቱ በተቃጠለች ጊዜ ደግሞ ኔሮን መንገዶች ሰፍተው ቤቶችም ተራርቀው እንዲሠሩ አዘዘ። የሎንዶን ከተማም እ.ኤ.አ. በ1666 ከተቃጠለች በኋላ በሚከተለው ዓመት ቤት ሁሉ በጡብና በድንጋይ እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ በዚህ ታሪክ ሁሉ ሕጉ ከአመዱ በኋላ ሲመጣ ይታያል።

ወሎና ፎቅ ቤት

ፎቅ ቤት ለወሎ ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በላሊበላ በድንጋይ የተሠሩት ክብ ባለደርብ ቤቶች የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ወደ ላይኛው ደርብ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ግድግዳውን ታክኮ የተሠራ ነው። ግንበኛው እንዲህ ያደረገበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን ጥቅሙ ግልጥ ነው። በታችኛው ክፍል እሳት ቢነሣ፣ በላይ ያለው ሰው በጢስ መካከል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ደጅ ይወርዳል። የኒውዮርክ ከተማ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1860 የብዙ ተከራዮች መኖሪያ የሆነ ቤት ተቃጥሎ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖርባቸው ቤቶች እሳት የማይበላው ደረጃ ወይም የውጭ ማምለጫ እንዲኖራቸው ያዘዙትን ነገር፣ የላስታ ግንበኛ ማንም ሳያስገድደው ሲሠራው ኖሯል።

ደሴ ግን በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረችው እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች በአብዛኛው በሣር ክዳንና በጭቃ ቤት ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ታላቁ አዳራሽ ከእነዚህ ቤቶች መካከል ጎልቶ የሚታይ ነበር። ስሙም «አይጠየፍ» መባሉ ትልቁንና ትንሹን፣ ሀብታሙንና ድኻውን ሳይለይ የሚቀበል መሆኑን ያመለክታል። ወደዚህ ስም በኋላ እንመለስበታለን።

የደሴ ሕዝብ እሳት ምን እንደሚያደርግ በግልጥ ያየው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማይቱ ሳሉ የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች መጥተው የሚያፈነዱና የሚያቃጥሉ ቦምቦችን አዘነቡ። የሣር ክዳን ቤቶች ነደዱ፤ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ ሰዎችም ሞቱ፣ ቈሰሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ክፉ ቀን ቤቱ የነደደበት ሰው ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ ከደጅ ለመድረስ፣ ከደጅም ወደ ተራራው ለመሸሽ ይችል ነበር። የመሬት ቤት ድኻ ቢሆንም ይህን አንድ ጸጋ አልተነፈገም፤ በሩና መሬቱ አንድ ናቸው። በስድስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከመሬት የሚለየው ወደ ሃያ ሜትር ያህል አየር ነው። ይህን አየር የሚያሻግረው ሌላ ሰው አስቦ የሠራለት ደረጃ ብቻ ነው።

በወረራው ዘመን ከአሥመራ በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ተሠሩ። ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በሜዳ ላይ የተቀመጠችው ኮምቦልቻ የመንገዶች መገናኛ በመሆኗ ንግድ ገባባት፤ በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረት ፋብሪካዎች ተተከሉባት። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ሥራ ባለበት ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበበት የመሬት ዋጋ ይወደዳል፤ መሬት ሲወደድ ቤት ወደ ላይ ይወጣል። የሁለቱም ከተሞች የፎቅ ቤት ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው።

አሳንሰር እንዴት መጣ

ፎቅን ያበዛው ሲሚንቶና ብረት ብቻ አይደለም። ደረጃ የሚያደክመው ሰው ከአምስተኛው ፎቅ በላይ ለመኖር አይወድም ነበርና፣ የሕንፃን ከፍታ የሰው እግር ወስኖት ኖሯል። ሸክም በገመድ ወደ ላይ መጎተት ጥንታዊ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ገመዱ ቢበጠስ ሁሉ ይፈጠፈጣልና ሰው ነፍሱን ለገመድ አይሰጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ በኒውዮርክ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ከሕዝብ ፊት ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቈረጠው። መድረኩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ። ገመዱ ሲላላ ከላይ ያለው የብረት ሞላ ተዘርግቶ በግራና በቀኝ ባሉት ጥርስ ያላቸው ሐዲዶች ላይ ስለሚነክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 በዚያው ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ሰው የሚያወጣ አሳንሰር ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ ዚመንስ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አሳየ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ኦቲስ የፈለሰፈው መውጫውን ሳይሆን የመውደቂያውን መከላከያ ነው። አሳንሰር የሰው ልጅ ወዳጅ የሆነው ሰውን ወደ ላይ በማውጣቱ ሳይሆን፣ ነገር በተበላሸ ጊዜ ባለበት ቆሞ የሚይዘው ነገር ስለ ተገኘለት ነው። በዛሬው አሳንሰር ውስጥ ፍጥነቱ ከመጠን ሲያልፍ የሚይዝ መቈጣጠሪያ፣ በሩ ሳይዘጋ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክል መቈለፊያና ከጕድጓዱ ሥር መንጠሪያ አለ። እነዚህ ሁሉ ያረጃሉ፤ አቧራም ይዛቸዋል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ሰው የሚጭን አሳንሰር በየስድስት ወሩ ብቁ በሆነ ባለሙያ እንዲመረመር ሕግ ያስገድዳል።

በአገራችን ባለብዙ ፎቅ ዘመናዊ ሕንፃዎች በርከት ብለው መታየት የጀመሩት በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ለዚህ ምስክር ነው። በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከፍታው ከ200 ሜትር ይበልጣል። በስልሳ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከጥቂት ፎቅ ወደዚህ ደርሰናል። የዋናው ከተማ ነገር ደግሞ ዘግየት ብሎ ወደ ክፍለ ሀገር መድረሱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ዛሬ የሚሠሩት ስሕተት ነገ በእጥፍ ከፍታ የሚሠራ ስሕተት ነው።

የተቈለፈ በር

እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ባለአሥር ፎቅ ሕንፃ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፎቆች ላይ በነበረው የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹም ከአውሮፓ የፈለሱ ልጃገረዶች ነበሩ። በዘጠነኛው ፎቅ ወደ ደረጃው የሚያስወጣው አንዱ በር ተቈልፎ ነበር፤ የተቈለፈውም ሠራተኞቹ ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ በማለት ነው። በውጭ የተሠራው የብረት ደረጃ ጠባብና ደካማ ስለ ነበረ ሰው ሲበዛበት ተጣሞ ወደቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ከስድስተኛው ፎቅ በላይ አልደረሰም። የአሳንሰሮቹ ነጂዎች ደጋግመው እየተመላለሱ ብዙ ሰው አዳኑ፤ ነገር ግን ሐዲዱ በሙቀት በተጣመመ ጊዜ እነርሱም ቆሙ። ሕንፃው እሳት የማይበላው ተብሎ የተሠራ ነበርና ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ግድግዳው ተረፈ፤ ሰው ግን ጠፋ።

የፋብሪካው ባለቤቶች ተከሰው በነፃ ተለቀቁ። የሕዝቡ ቍጣ ግን ከሠላሳ የሚበልጡ አዳዲስ ሕጎችን አስወጣ፤ በሮች በሥራ ሰዓት እንዳይቈለፉ፣ ወደ ውጭ እንዲከፈቱ፣ ሠራተኞችም አወጣጡን እንዲለማመዱ ተደነገገ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2012 በባንግላዴሽ በአንድ ባለብዙ ፎቅ የልብስ ፋብሪካ ከ110 የሚበልጡ ሠራተኞች ተቃጥለው ሞቱ። ደረጃ ነበረ፤ ነገር ግን ደረጃዎቹ ሁሉ የሚወርዱት እሳቱ ወደ ተነሣበት ምድር ቤት ነበር። በውጭ በኩል የተሠራ ማምለጫ አልነበረም። የልብስ ስፌት ሥራ ወደ ገባባት ወደ ኮምቦልቻ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

የሎንዶኑ ግሬንፌል ሕንፃ አደጋ ደግሞ የእኛንም ወገኖች የነካ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ይህ ባለ24 ፎቅ መኖሪያ በሌሊት ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ቤተ ሰቦችም በውስጡ ይኖሩ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው የነበረው ደረጃ አንድ ብቻ ነው። በኋላ የተሾመው መርማሪ ጉባኤ እንዳረጋገጠው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አሳንሰሮቹን በእጃቸው ሊያደርጉ አልቻሉም፤ ስለዚህ ነዋሪዎች በአሳንሰር መጠቀማቸውን ቀጠሉ፤ ለአንዳንዶቹም ይህ የሞታቸው ምክንያት ሆነ። የአሳንሰር ጕድጓድ በእሳት ጊዜ እንደ ጢስ መውጫ ይሆናልና፤ መብራትም ሲቋረጥ ሣጥኑ በሁለት ፎቅ መካከል ይቀራል። ከዚህ የምንማረው፣ አሳንሰር በደኅና ጊዜ ለመውጣት፣ ደረጃ ግን በክፉ ጊዜ ለመዳን መሆኑን ነው።

የአገራችን ሕግ

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ሕግ የላትም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2077፣ የአንድ ሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጕዳት፣ ጕዳቱ ይደርሳል ተብሎ ሊታሰብ የማይቻል እንኳ ቢሆን፣ ኀላፊ መሆኑን ደንግጓል። ይህ ከኒውዮርኩ ፍርድ ጋር ሲመዛዘን ምን ያህል የጠነከረ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቍጥር 370 ደግሞ፣ ደረጃንና መተላለፊያን የመሰለው የጋራ ነገር ባለቤቶቹ በማኅበር ሆነው የሚጠብቁት መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ ደረጃው የማንም አይደለም ተብሎ ዕቃ ሊከመርበት አይገባም፤ የሁሉ ነውና።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን፣ ፋብሪካዎችንና ከፍታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጠውን በከፍተኛው ምድብ አገባ፤ በየከተማውም ፕላን መርምሮ ፈቃድ የሚሰጥ የሕንፃ ሹም አቆመ። አካል ጕዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲዘጋጅም አዘዘ። ስለዚህ የጐደለን የሕግ ቃል ሳይሆን፣ ቃሉን በየደረጃው ላይ ወጥቶ የሚያይ ዐይን ነው።

ባለሕንፃው ማድረግ የሚገባው

አንደኛ፣ ሰው በሚበዛበት ፎቅ ቤት ሁሉ ከአንድ የበለጠ መውረጃ ሊኖር ይገባል። ሁለተኛው ደረጃ ከመጀመሪያው የራቀ፣ ጢስ የማይገባበትና በቀጥታ ወደ ደጅ የሚያወጣ ይሁን። ባለገንዘቡ፣ «ሁለተኛ ደረጃ የሱቅ ቦታ ይበላብኛል፤ ኪራይ ያሳጣኛል» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ቦታ ይበላል። ነገር ግን በኦሪት የታዘዘው መከታም ድንጋይና ድካም የሚጠይቅ ነበር፤ ሕጉ ግን ከድንጋዩ ዋጋ ይልቅ የሰውን ደም አስበለጠ። በደሴ ደግሞ መሬቱ ራሱ ያግዘዋል። ከተማይቱ በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፣ የብዙ ሕንፃ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ፎቅ ከኋላው ካለው ከፍ ያለ መሬት ጋር ይስተካከላል። በዚያ በኩል አንድ በርና አጭር መሸጋገሪያ ቢሠራ፣ ሌላው አገር በብዙ ብረት የሚሠራው ማምለጫ በጥቂት ወጪ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ በሩ ከውስጥ ያለ ቍልፍ የሚከፈት ይሁን። በከተሞቻችን ሌባ ስለሚፈራ፣ ሲመሽ የደረጃው የብረት በር በጋን ቍልፍ ተዘግቶ ቍልፉ በዘበኛው ኪስ ውስጥ ያድራል፤ መስኮቱም በብረት ፍርግርግ ይታጠራል። የኒውዮርኩ በር የተቈለፈው በዚሁ ምክንያት መሆኑን አንርሳ። ሌባ የሚወስደው ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይተካል።

ሦስተኛ፣ አሳንሰር የተከለ ሰው ከተከላው ቀን ጀምሮ ጠባቂ ባለሙያ ይቅጠርለት፤ የተደረገለትም ምርመራ በመዝገብ ይጻፍ። የሚሸከመው የሰው ቍጥር በግልጥ ይለጠፍ፤ የአደጋ ጊዜ ደወሉ መሥራቱ ይፈተን። መብራት መቋረጡ ለማንም እንግዳ ስላልሆነ፣ ሣጥኑን እስከ ቅርቡ ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍት ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ሊኖረው ይገባል። ሰው ቢታገድ ልምድ የሌለው ሰው በሩን በኀይል እንዳይፈለቅቅ ይከልከል። ከእያንዳንዱ በር አጠገብም፣ በእሳት ጊዜ በደረጃ መውረድ እንደሚገባ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ኮምቦልቻ በሜዳ ላይ ብትቀመጥም መሬቱ ጸጥ ያለ አይደለም። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ከእርስዋ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ የተነሣው የመሬት መናወጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሶ፣ የአሥመራውን መንገድም ጐድቶ ነበር። በመሬት መናወጥ ጊዜም በአሳንሰር መውረድ አደገኛ ስለ ሆነ፣ የደረጃው ጥንካሬ ከሕንፃው ምሰሶ ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል።

አምስተኛ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ ይቈይ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ፣ ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ በተሠራበት ቦታ እሳትን መቈጣጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር አሳይቷል። የደሴም ገበያዎች ጠባብ መተላለፊያ ያላቸው ስለ ሆኑ ትምህርቱ ለእነርሱም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ቀደም ብለን ወዳነሣነው ስም እንመለስ። ንጉሥ ሚካኤል አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ሲሉ፣ ቤት የሚከበረው በከፍታው ሳይሆን በሚቀበለው ሰው መሆኑን አስተምረዋል። ዛሬ በደሴ የሚሠራ ፎቅ ቤት ሽማግሌውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ በክራንች የሚሄደውን ሰው በአሳንሰር ወደ ላይ ካወጣ በኋላ፣ በክፉ ቀን እንዴት እንደሚወርዱ ካላሰበላቸው ተጠይፏቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ በየሕንፃው ማን ማንን ደግፎ እንደሚያወርድ አስቀድሞ ይወሰን፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜም ደወል ተደውሎ ነዋሪው ሁሉ በደረጃ የመውጣት ልምምድ ያድርግ። በየትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን ይህን ልማድ ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፣ ተማሪው በቤቱ የአባቱ አስተማሪ ይሆናል። በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩት ወጣቶችም ነገ የእነዚህ ከተሞች መሐንዲሶች ናቸውና፣ የፎቁን ቍጥር ከመጨመራቸው በፊት የመውጫውን ቍጥር ይቍጠሩ።

ሮማም፣ ሎንዶንም፣ ኒውዮርክም ሕጋቸውን የጻፉት በሟቾቻቸው ስም ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ግን ገና በማደግ ላይ ስለ ሆኑ፣ የሌላው ሰው አመድ መምህር ሆኖላቸው ያለ ሐዘን የመማር ዕድል አላቸው። ይህን ዕድል ያገኘ ሕዝብ ጥቂት ነው። ቅጠሉ ዛሬ በእጃችን ነው፤ እሳቱም ገና አልተጫረም።